የነጐድጓድ ልጆች

ስለ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቶች በኪነ ጥበብ መጽሔት ላይ መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሙያው ግጥምና ተውኔት እንጂ መካኒክነት አይደለም፤ ካንዴላን ከካርቡራተር መለየት የጀመረውም ዕድሜው ከአርባ ካለፈ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቴአትር ጥናት በሄድኩባት በኮቨንትሪ ከተማ ያየሁትና የሰማሁት ነገር ከራሴ ሙያ ጋር ያለው ዝምድና ውሎ ሲያድር ይበልጥ እየታየኝ ስለ መጣ ዝም ብዬ ልተወው አልቻልኩም። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። የሠራው ፋብሪካ ፈርሶ፣ የነደፈው መሐንዲስ ሞቶ፣ ዕቃውን ይሸጥ የነበረው መደብር ተዘግቶ ሳለ፣ አንድ ሞተር እስከ ዛሬ ድረስ ተነሥቶ የሚሄደው በምን ምክንያት ነው? ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ነው የሚለው መልስ አያጠግብም፤ ብረት ይዝጋል። ሞተሩን በሕይወት ያቆየው ስለ እርሱ የሚያውቁ ሰዎች እርስ በርስ መነጋገራቸው ነው። ይህ ንግግር ደግሞ እንደ ማንኛውም የሰው ልጅ ንግግር ሊበላሽም ሊሻሻልም ይችላል። ላተኩርበት የምሻው በዚሁ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ኮቨንትሪ ለቴአትር ሰው ባዕድ ከተማ አይደለችም። በ1940 ኖቬምበር 14 ሌሊት የጀርመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የከተማዋን እምብርት ከነካቴድራሉ አወደሙት። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር በሕዝብ አስተዳደር ከተሠሩት ቴአትር ቤቶች የመጀመሪያው የሆነው የቤልግሬድ ቴአትር በ1958 የተከፈተው በዚያችው ከተማ ነው፤ ስሙንም ያገኘው የቤልግሬድ ከተማ ለግንባታው እንጨት በስጦታ ስለ ላከች ነው። በ1965 ተዋንያንን ከመድረክ አውርዶ ወደ ትምህርት ቤት ክፍሎች ያስገባው አዲስ እንቅስቃሴም የተነሣው ከዚሁ ቤት ነበር። እኔም የሄድኩት ይህንኑ ለማየትና ለመማር ነው። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ግን ስለ ቴአትር የሚያውቁትም የሚጨነቁበትም ነገር አልነበረም። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ማታ ማታ ከቤታቸው ጓሮ ወደምትገኝ የእንጨት ጎጆ ይገባሉ፤ እስከ እኩለ ሌሊትም መብራቱ አይጠፋም። ለጸሎት የሚገቡ መስሎኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጠርተው አስገቡኝ። በጎጆዋ መካከል ሁለት ሞተር ብስክሌቶች ቆመዋል፤ አንዱ ሙሉ ነው፣ ሁለተኛው ብትንትኑ ወጥቶ በጋዜጣ ላይ ተሰድሯል። ከግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ቁልፎች እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸናጽል በየመጠናቸው ተደርድረዋል። ሽማግሌው በ16 ዓመታቸው የተቀጠሩት ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ በሜሪደን አጠገብ በነበረው በትራያምፍ ፋብሪካ ነው። እኔ ቴአትር ለማየት አገር አቋርጬ እንደ መጣሁ ያውቁ ነበርና፣ «እንግዲያውስ ይህንንም እይ» አሉኝ።

ቀጥሎ ያየሁት በእርግጥም ሥርዓት ያለው ትርኢት ነበር። በመጀመሪያ የቤንዚኑን መክፈቻ ወደ ታች መለሱት። ቀጥለው በካርቡራተሩ ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ቤንዚን ጣታቸውን እስኪያርሰው ድረስ ተጫኗት። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ይዘው፣ እሳቱን ሳይከፍቱ፣ የማስነሻውን ብረት ሁለት ሦስት ጊዜ በእግራቸው ረገጡ፤ ይህም ሌሊቱን ዘይት ያጣበቃቸውን የፍሪሲዮን ሳህኖች ለማላቀቅ ነው አሉኝ። ከዚህ በኋላ ብረቱን ቀስ ብለው እየተጫኑ ፒስቶኑ የሚቃወምበትን ቦታ ፈለጉ። ሲያገኙት ቆም አሉ። እሳቱን ከፈቱ፤ መላ የሰውነታቸውን ክብደት በአንድ እግራቸው ላይ ጥለው አንዴ ብቻ ረገጡ። ጎጆዋ ተናወጠች። ያን ድምፅ በቃላት መግለጽ ለገጣሚም ቢሆን የሚቀል አይደለም፤ ከከበሮ ይልቅ ወደ ነጐድጓድ ያደላል፤ ሆኖም ነጐድጓዱ ምት አለው። በእግራቸው ያገኙትን ያን የመቃወሚያ ቦታ የሚያሳይ መጽሐፍ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቦታው እንዳለ የሚናገር መጽሐፍ አለ፤ የት እንዳለ የሚያውቀው ግን እግርህ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ስለ ፋብሪካው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ትራያምፍን የመሠረተው ከጀርመን አገር፣ ከኑረምበርግ የመጣ ሲግፍሪድ ቤትማን የተባለ ስደተኛ ነጋዴ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌት የወጣው በ1902 ነው። ኩባንያው ዝናን ያተረፈው ግን ኤድዋርድ ተርነር የተባለው ነዳፊ በ1937 ስፒድ ትዊን የተሰኘውን ባለ 500 ሲሲ ሞተር ካቀረበ በኋላ ነው። ተርነር ሁለት ሲሊንደሮችን ጐን ለጐን አቁሞ ፒስቶኖቹ አብረው እንዲወጡና አብረው እንዲወርዱ አደረጋቸው። ሞተሩ ከባለ አንድ ሲሊንደሩ እምብዛም የማይሰፋ፣ ቀላልና ለዓይን የሚማርክ ስለ ነበር፣ ከሌሎቹ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ፈለግ ለመከተል ተገደዱ። የ1940ው የቦምብ ድብደባ በከተማዋ መካከል የነበረውን ፋብሪካ ካወደመው በኋላ፣ አዲሱ በ1942 በሜሪደን አጠገብ ሥራ ጀመረ። ከዚሁ በ1959 ቦንቪል የተባለችው ዝነኛ ሞተር ወጣች፤ ስሟም የተወሰደው በአሜሪካ ዩታ ክፍለ ሀገር ከሚገኘው የፍጥነት ክብረ ወሰን ከሚሰበርበት የጨው ሜዳ ነው።

ስለ ውድቀቱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ረዘም አላደርገውም። በ1969 የጃፓኑ ሆንዳ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በአውራ ጣት የሚነሣ፣ ዘይት የማያንጠባጥብ ባለ 750 ሲሲ ሞተር ይዞ ብቅ ሲል፣ የእንግሊዞቹ ሞተሮች ገና በእግር የሚረገጡና በቆሙበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ኩሬ የሚተዉ ነበሩ። («ከሥሯ ዘይት ካላየህ፣ ውስጧም ዘይት የለም ማለት ነው» የሚል ቀልድ አላቸው።) ያረጁ የፋብሪካ መሣሪያዎችን በአዲስ መተካት የነበረባቸው ባለሀብቶች ትርፉን ሲካፈሉ ኖረው ጊዜው አለፈባቸው። ይህ የእኔ ፍርድ ብቻ አይደለም፤ የሽማግሌውም ነው፤ እርሳቸው ግን የተናገሩት ከዚህ በጠነከሩ ቃላት ነው።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1973 ሴፕቴምበር፣ አዲስ የተመሠረተው ባለቤት ኩባንያ የሜሪደንን ፋብሪካ ሊዘጋ መወሰኑን አስታወቀ። ሠራተኞቹ በሩን ያዙ። የተሠራ ሞተርም ሆነ የመሥሪያ መሣሪያ እንዳይወጣ ከለከሉ፤ እየተፈራረቁም ሌትና ቀን ዘብ ቆሙ። ሽማግሌው ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበሩ፤ ሁለት ክረምት በበርሜል ውስጥ በሚነድ እሳት ዙሪያ ቆመው ማደራቸውን ሲናገሩ፣ የሚያስታውሱት ንግግሩንና መፈክሩን ሳይሆን ጉልበታቸው በእሳቱ እየተለበለበ ጀርባቸው ይቀዘቅዝ የነበረውን ነው። ከአሥራ ሰባት ወራት በላይ ከቆየ ትግል በኋላ፣ በወቅቱ የኢንዱስትሪ ሚኒስትር በነበሩት በቶኒ ቤን ድጋፍ፣ መንግሥት 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ ብድርና 750 ሺህ ፓውንድ እርዳታ ሰጥቷቸው በ1975 ማርች ፋብሪካው የሠራተኞቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነ። ደመወዛቸው እኩል ነበር፤ ወለል ጠራጊውም ሞተር ፈታሹም በሳምንት 50 ፓውንድ ይወስድ ነበር። በ1977 የንግሥቲቱን የ25 ዓመት የንግሥና በዓል ለማክበር በብርማ ቀለም ያጌጠች ልዩ ቦንቪል የሠራው ይኸው የወዛደሮች ማኅበር መሆኑ ለተውኔት ጸሐፊ የሚጥም ምፀት ነው። ሽማግሌውን ስለዚህ ስጠይቃቸው ሳቅ ብለው፣ «የምትሸጥ ሞተር ነበረች» ብቻ አሉኝ።

ማኅበሩ እስከ 1983 ቆይቶ ተዘጋ። በተከታዩ ዓመት ሕንፃው ፈርሶ በቦታው መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ፤ ከመንገዶቹ አንዱ የቦንቪልን፣ ሌላው የዴይቶናን ስም ይዟል። አንድ እሑድ ሽማግሌው ወስደው አሳዩኝ። ልብስ የተሰጣባቸው ትንንሽ አትክልት ያላቸው ቤቶች ናቸው። «እዚህ ላይ የሞተር መገጣጠሚያው መስመር ነበር» አሉኝ፤ አንዲት ሴት አበባ እያጠጣች በመገረም ታየን ነበር። የንግድ ስሙን ጆን ብሉር የተባለ ቤት ሠሪ ነጋዴ ገዝቶት፣ ዛሬ ትራያምፍ የሚባሉት አዳዲስ ሞተሮች ሂንክሊ በምትባል ሌላ ከተማ በተቋቋመ ፋብሪካ በ1991 መውጣት የጀመሩ ናቸው። ጥሩ ሞተሮች መሆናቸውን ሽማግሌው አይክዱም። ማኅበራቸው ለምን እንደ ወደቀ ስጠይቃቸው የሰጡኝን መልስ ግን አልረሳውም፤ «እውቀት አላነሰንም። አዲስ ሞተር የምንነድፍበት ገንዘብ ነው ያነሰን። እውቀቱማ ይኸው አለ» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ይህ «በእጅ ያለ እውቀት» ምን ያህል የተወሳሰበ እንደ ሆነ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። የእኛ ጋራዦች ቋንቋ ከጣልያን የወረስነው ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ እንላለን፤ የምንለካውም በሚሊሜትር ነው። በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ላይ ግን የእኛ መካኒክ ያለውን ቁልፍ ሁሉ ይዞ ቢመጣ አንዱም በትክክል አይገጥምለትም። ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለው መሐንዲስ በ1841 ለእንግሊዝ ቡሎኖች ሁሉ አንድ ወጥ የጥርስ ሥርዓት አወጣ፤ የጥርሱም ማዕዘን 55 ዲግሪ ነበር። በቁልፉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የዳዶውን ራስ ሳይሆን የቡሎኑን ውፍረት ይናገራል። ብስክሌት ሠሪዎች ደግሞ 60 ዲግሪ ማዕዘን ያለው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 26 ጥርስ የሚቆጠርበት የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ፋብሪካዎቹ ወደ አሜሪካው ሥርዓት መሸጋገር ሲጀምሩ፣ በአንድ ሞተር ላይ ሦስት ዓይነት ጥርስ የሚገኝበት ጊዜ መጣ። ለዓይን አንድ ይመስላሉ። የማያውቅ ሰው አንዱን በሌላው ቦታ አስገብቶ ሲያጠብቅ ጥርሱ ይበላል፤ የሞተሩም አካል ይሰነጠቃል። በየትኛው ዓመት በየትኛው ቡሎን ላይ ለውጡ እንደ ተደረገ የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ በቦታው ላይ የነበሩት ሠራተኞች ናቸው። እነርሱ ደግሞ በየዓመቱ ቁጥራቸው ይቀንሳል።

በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለውን እውቀት የሚጠብቁ ማኅበራት ብዙ ናቸው። ለአሮጌ ሞተር ብስክሌቶች በጠቅላላው የቆመው ማኅበር የተመሠረተው በ1946 ነው። የቪንሰንት ሞተር ወዳጆች ማኅበር ግን ከሁሉም የላቀ ነገር አድርጓል። ቪንሰንት በ1948 ሮሊ ፍሪ የተባለ አሜሪካዊ የዋና ልብስ ብቻ ለብሶ፣ በደረቱ ተኝቶባት በጨው ሜዳ ላይ በሰዓት ከ241 ኪሎ ሜትር በላይ የበረረባት ሞተር ናት፤ ፋብሪካዋ በ1955 ማምረት አቆመ። አባላቱ በ1970ዎቹ ከኪሳቸው አዋጥተው መለዋወጫ የሚያሠራ ድርጅት አቋቋሙ፤ እያንዳንዱን ክፍል እንደ ጥንቱ ንድፍ ሲያሠሩ ቆይተው በመጨረሻ ከአዳዲስ ክፍሎች ብቻ አንዲት ሙሉ ሞተር ገጥመው አሳዩ። ሮያል ኤንፊልድ በበኩሉ በሌላ መንገድ ዳነ። ከ1955 ጀምሮ በሕንድ አገር በማድራስ ቡለት የተባለችው ሞተሩ መሠራት ጀምራ ስለ ነበር፣ እናት ፋብሪካው በእንግሊዝ ሲሞት ልጅቷ በሕንድ ቀጠለች፤ ኋላም ሕንዶቹ ለእንግሊዞች ይሸጡላቸው ጀመር። በሙዚየም ማስቀመጥ ብቻውን መፍትሔ እንደማይሆን ደግሞ በበርሚንግሃም አቅራቢያ ያለው ብሔራዊ የሞተር ብስክሌት ሙዚየም ይመሰክራል፤ በ2003 ሴፕቴምበር በተነሣ ቃጠሎ ከሦስት መቶ የሚበልጡ ሞተሮች በአንድ ቀን ነደዱ። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ እንደገና ሊከፈት የቻለው፣ የተቃጠለውን አንድ በአንድ መልሶ ማቆም የሚችል እጅ ስላልጠፋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የሽማግሌው ማኅበር ትንሽ ናት፤ ሠላሳ ያህል አባላት በወር አንድ ጊዜ በአንድ መጠጥ ቤት የጓዳ ክፍል ይሰበሰባሉ። በመጀመሪያው ምሽት የታዘብኩት ነገር አሳዘነኝ፤ ምክንያቱም በእኛም የጥበብ ሰዎች ስብሰባዎች በደንብ የማውቀው ነገር ነው። አንድ ወጣት ተነሥቶ ለሞተሩ የትኛው ዘይት እንደሚስማማ ጠየቀ። ጥያቄው ለሽማግሌዎቹ ሺህ ጊዜ የተሰማ ነበርና ከወዲያ ወዲህ ሳቁበት። አንዱ፣ «ይህ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ተመልሷል» አለ፤ መልሱ ምን እንደ ነበረ ግን አልነገረውም። ወጣቱ በሚቀጥለው ወር አልመጣም። ከዚያ የምሽቱ እኩሌታ ያለቀው በሁለት ሰዎች ክርክር ነው። ክርክሩም በ1962 በወጣ አንድ ሞተር ላይ ያለች አንዲት ዳዶ ከፋብሪካው ስትወጣ የሚያብረቀርቅ ቅብ ነበራት ወይስ የደበዘዘ የሚል ነበር። ሁለቱ ሰዎች በዚህች ዳዶ ምክንያት ለብዙ ወራት ሰላምታ አይለዋወጡም ነበር አሉ።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ግን ይህ አልነበረም። ከሁሉ የከፋውን ያሳዩኝ ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። አንድ ሰው ችግሩን ይናገራል። አሥራ አምስት ሰዎች አሥራ አምስት መልስ ይሰጡታል። ሁሉም በእርግጠኝነት ነው የሚናገሩት። ሰውየው አመስግኖ ይሄዳል፤ ከመልሶቹ አንዱን ሞክሮ፣ ወይም ሁሉንም ትቶ፣ ሞተሩ ይነሣለታል። ከዚያ በኋላ ደስታው ከሞተሩ ጋር ስለሆነ ተመልሶ መጥቶ የትኛው መልስ እንደ ሠራ አይናገርም። በዚህ ሁኔታ አሥራ አራቱ የተሳሳቱ መልሶች ከትክክለኛው ጋር እኩል ክብር ይዘው ይኖራሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላው ጠያቂ በዚያው እርግጠኝነት ይነገራሉ። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስናወራ ኖርን፤ ከሃምሳው ዓመት ውስጥ የተማርነው አምስቱን ነው» አሉኝ ሽማግሌው። ከአባላቱ መካከል የካምቢዮን ነሐስ በእጁ ሞርዶ በፀጉር ልክ የሚያስተካክል ሰው ነበር። ሲሞት በትንንሽ ደብተሮች የጻፋቸውን መለኪያዎች ዘመዶቹ ምንነታቸውን ባለማወቅ ከቆሻሻ ጋር ጣሏቸው። ሽማግሌው ስለዚህ ሲናገሩ ድምፃቸው ይቀየር ነበር፤ ስለ ፋብሪካው መፍረስ ሲናገሩ ግን አይቀየርም።

በዚያ ዓመት ሽማግሌው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ትልቅ የሒሳብ መዝገብ ገዙ። በግራው ገጽ ጥያቄው፣ የሞተሩ ዓይነትና የተሠራበት ዓመት ይጻፋል። በቀኙ ገጽ መልሶቹ ከመላሾቹ ስም ምሕጻር ጋር ይሰፍራሉ። ከግርጌው «ምን ተገኘ?» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ ይህንን መሙላት የሚችለው ጠያቂው ብቻ ነው። እስኪሞላው ድረስ ሌላ ጥያቄ ማቅረብ አይፈቀድለትም። በተጨማሪም አዲስ ገብ ሰው በስብሰባው መጀመሪያ ላይ ይናገራል፤ በአዲስ ገብ ጥያቄ የሳቀ አባል አንድ ፓውንድ ይከፍላል። ይህች የመጨረሻዋ ደንብ በከፊል የእኔ ጥፍጥሬ ናት፤ በአገራችን በእድር ላይ ዘግይቶ የመጣ ሰው መቀጮ እንደሚከፍል አጫውቻቸው ነበርና። ተቃውሞ አልጠፋም። «የመጣነው ለመዝናናት ነው፤ ቢሮ አልገባንም» ያሉ ነበሩ። እውነት አላቸው፤ መዝገብ ጨዋታን ያቀዘቅዛል። ቀልዱ፣ ፉከራው፣ ያለ ማስረጃ መማሉ የማኅበሩ ለዛ ነበር፤ ከፊሉ በእርግጥ ጠፋ። ሁለት ሰዎችም ጨርሰው ቀሩ። ስለ ዳዶዋ የሚከራከሩት ግን አልቀሩም፤ ጥያቄያቸውን በመዝገቡ ላይ አስፍረው፣ «ምን ተገኘ?» ለሚለው መልስ የሚሆን የጊዜው ፎቶግራፍ ፍለጋ ገቡ። እስከ መጣሁበት ቀን ድረስ ቦታው ባዶ ነበር።

ስለ መዝገቡ ሳስብ ሁልጊዜ ከፊቴ የሚመጣ አንድ ታሪክ አለ። በአረብ በረሃ ዘመቻው የታወቀው ጸሐፊ ቲ. ኢ. ሎረንስ በኖቲንግሃም ጆርጅ ብራፍ በሚሠራቸው ብራፍ ሱፒርየር በተባሉ ውድ ሞተሮች ፍቅር የተነደፈ ሰው ነበር፤ ተራ በተራ ሰባት ያህል ኖረውታል። ለሞተሩ የሰጠውም ስም ቦአኔርጌስ ነው፤ ይህ ስም ጌታ ለዘብዴዎስ ልጆች ለያዕቆብና ለዮሐንስ የሰጣቸው መሆኑን የእኛ አንባቢ ከማንም በተሻለ ያውቃል፤ የነጐድጓድ ልጆች ማለት ነው። ሎረንስ በ1935 ሜይ 13 በዶርሴት ገጠር መንገድ ላይ ሁለት ብስክሌት የሚነዱ ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀ። ራሱ ባዶ ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። ከአካሙት ሐኪሞች መካከል ሂዩ ኬርንስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ጥገና ሊቅ ነበረ። ኬርንስ ታካሚው ስለ ሞተበት ነገሩን ዘግቶ አልሄደም። በሞተር ብስክሌት አደጋ ስለ ሞቱ ሰዎች መዝገብ ማገላበጥ ጀመረ፤ ጥናቱንም በ1941 አሳተመ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት መልእክተኞቹ የራስ ቍር ሳያደርጉ እንዳይነዱ አዘዘ፤ ለሲቪሉ ሕዝብ ደግሞ በ1973 ሕግ ሆነ። ስለ ሎረንስ ገድል የተጻፈው መጽሐፍ ቤት ይሞላል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ከአልጋው አጠገብ ቆሞ፣ «ምን ተገኘ?» የሚለውን ባዶ ቦታ ስድስት ዓመት ፈጅቶ የሞላው ሐኪም ነው።

ይህን ሁሉ ለምን በዚህ መጽሔት ላይ እንደማነሣ አንባቢ ሳይገምት አልቀረም። በእኛ አገር መድረክ ላይ የታዩና ተመልካች ያጀበላቸው፣ ግን ጽሑፋቸው ታትሞ ያልወጣ ተውኔቶች ጥቂት አይደሉም። ጽሑፉ የተገኘ እንደ ሆነም የሚነግረን ቃሉን ብቻ ነው። ተዋናዩ በየትኛው ቃል ላይ እንደ ቆመ፣ ዝምታው ምን ያህል እንደ ረዘመ፣ ከስንት ልምምድ በኋላ የትኛው አነጋገር እንደ ተጣለና ለምን እንደ ተጣለ አይነግረንም። ያ እንደ ሽማግሌው እግር በሰው አካል ውስጥ የሚኖር እውቀት ነው። ከትርኢት በኋላ የምናደርገው ውይይትም ቢሆን ከመጠጥ ቤቱ ጓዳ እምብዛም አይለይም፤ አሥራ አምስት ሰው አስተያየት ይሰጣል፤ አዘጋጁ አመስግኖ ይሄዳል፤ ከአስተያየቶቹ የትኛውን እንደ ተቀበለና በሚቀጥለው ትርኢት ላይ ምን እንደ ተገኘ ተመልሶ የሚነግረን የለም። ጀማሪው ደራሲም ስለ ጥያቄው ከተሳቀበት በሚቀጥለው ወር አይመጣም።

ከመመለሴ በፊት በነበረው የመጨረሻ ስብሰባ ላይ አንዲት ወጣት ሴት መዝገቡን ከፈተች። ከአያቷ የወረሰችው በ1976 የተሠራ ባለ 750 ሲሲ ቦንቪል ነበራት፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው ባስተዳደሩት ዘመን የወጣ ማለት ነው። ሽማግሌው፣ «ምናልባት እኔው ነኝ የገጠምኳት፤ ካበላሸሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ» ብለው ቀልደው ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት የጠየቀችው፣ ሞተሯ ሃያ ደቂቃ በሚገባ ከሄደ በኋላ ለምን እንደሚጠፋና ጥቂት አርፎ ለምን እንደገና እንደሚነሣ ነበር። በቀኙ ገጽ 17 መልሶች ሰፍረዋል። ኮንደንሰሩ ሲሞቅ ነው የሚታመመው ያሉ ስድስት ናቸው። ቦቢናው ነው፣ ፑንቲናው ነው፣ የካርቡራተሩ መንሳፈፊያ ነው ያሉም አሉ። ሽማግሌው የጻፉት ከኮንደንሰሮቹ ወገን ነው።

ወጣቷ ሁሉንም በየተራ መሞከሯን ተናገረች። ኮንደንሰሩን ለወጠች፤ ቦቢናውን ለወጠች፤ ካርቡራተሩን ፈትታ አጠበች። በመጨረሻ አንድ ቀን መንገድ ዳር ስትቆም ቤንዚን አልቆ እንደ ሆነ ለማየት የሰልባቲዮውን ክዳን ስትከፍት፣ አየር በፉጨት ሲገባ ሰማች። ያን ጊዜ ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ለካ ባለፈው ክረምት ሰልባቲዮውን ስታስቀባ ለክዳኑ አዲስ ላስቲክ አስገብታ ኖሯል፤ ላስቲኩም አየር የምታስገባውን የክዳኑን ትንሽ ቀዳዳ ደፍኗታል። ቤንዚኑ በወረደ ቁጥር በቦታው የሚተካ አየር ስለማያገኝ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መውረዱን ያቆማል፤ ሞተሩ ቆሞ ሲያርፍ ደግሞ አየሩ በስንጥቅ ቀስ እያለ ይገባል። መርፌ አስገብታ ቀዳዳዋን ከፈተቻት፤ ከዚያ ወዲህ ጠፍቶባት አያውቅም።

በክፍሉ ውስጥ ለጊዜው ማንም አልተናገረም። ከዚያ ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ፤ እስክሪብቶውን ለወጣቷ ሰጧት፤ እርሷ ከግርጌው ስትጽፍ ከጐኗ ቆመው ይመለከቱ ነበር። ጽፋ ስትጨርስ በቀኙ ገጽ ከስማቸው ምሕጻር አጠገብ በራሳቸው እጅ ትንሽ የመሰረዣ መስመር አሰመሩ፤ መዝገቡንም ከእርሳቸው ቀጥሎ ለተቀመጠው ሰው አሻገሩለት።